ሞተር ይጨመር ወይስ ፍሬን? ሃረጎን ለሚወጣና ለሚወርድ ሰው

የአጎቴ ልጅ ቤቱ ደሴ ነው፣ ሥራው ኮምቦልቻ። ጠዋት በሁለቱ መካከል ያለውን የሃረጎን ቁልቁለት ይወርዳል፣ ማታ ይወጣል። አሮጌ ኮሮላ አለችው፤ አሮጌ ትሁን እንጂ በእንክብካቤ የተያዘች ናት። ባለፈው እሁድ እናቱ ቡና አፍልተው አቦሉን እየጠጣን ሳለ «ትንሽ ብር ቋጥሬያለሁ፣ ቱርቦ ላስገጥምላት ነው» አለኝ። ቱርቦ ወደ ሞተሩ አየር ጠቅጥቆ የሚያስገባ፣ ጉልበት የሚጨምር ዕቃ ነው።

«ፍሬኗስ?» አልኩት።

«ፍሬኗ ይይዛል። አብሽር።»

አላበሸርኩም። ለዚህ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፈው።

ጥያቄው የእሱ ብቻ አይደለም። መኪና የሚወድ ወጣት ብር እጁ ሲገባ መጀመሪያ የሚያስበው ሞተሩን ነው። ቀጥሎ ማርሚታውን፣ ድምፁ እንዲያምር። ፍሬን ትዝ የሚለው ስንቱ ነው? ትዝ ያለውም ቢሆን ቀይ የተቀባ ትልቅ ካሊፐር (የፍሬኑን ሸራ ጨምቆ ዲስኩ ላይ የሚያሳርፈው ክፍል) በቸርኬው ቀዳዳ እንዲታይለት ነው የሚፈልገው። ዕቃ መሸጫ ሄደህ ብትጠይቅ ደግሞ ሁሉም የራሱን ያሞግሳል። እኛ የማንንም ዕቃ ሳናሞግስ መጀመሪያ መለኪያ እናስቀምጥ፣ ከዚያ አማራጮቹን አንድ በአንድ እንያቸው።

## መጀመሪያ መለኪያው

ከፍታ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ስስ ነው። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ይህንኑ ስስ አየር ስለሆነ ከጉልበቱ ሩብ ያህሉን ያጣል። ፋብሪካው 100 የፈረስ ጉልበት ብሎ የጻፈበት መኪና ደሴ፣ ጦሳ ተራራ ሥር ሲደርስ 75 ገደማ ነው የሚሰጥህ። እንኳን ሞተር፣ ውሃም እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው።

ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን ከፍታው ፍሬኑንም እንደሚነካው ነው። ፔዳሉን ስትረግጥ እግርህን የሚያግዘው ሰርቮ የሚሠራው በግፊት ልዩነት ነው፤ በአንድ በኩል የውጭው አየር ይገፋል፣ በሌላው በኩል ሞተሩ አየሩን ይመጠምጣል። የውጭው አየር ግፊት ሲያንስ እገዛውም ያንሳል። ስለዚህ ያው ፔዳል ሚሌ ቆላ ላይ ከሚሰማህ ይልቅ ደሴ ላይ ትንሽ ደንደን ቢልብህ መኪናዋ ታመመች ብለህ አትደንግጥ።

ሙቀት። ዋናው መለኪያ ይህ ነው፣ ትንሽ እንቆይበት።

የፍሬን ሥራ እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት መለወጥ ነው። ከነተሳፋሪዋ 1,300 ኪሎ የምትመዝን መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ስትሄድ ግማሽ ሚሊዮን ጁል ይዛለች። ስታቆማት ያ ሁሉ ሙቀት ይሆናል፣ አብዛኛው የፊት ዲስኮች፣ ከጎማው ጋር የሚዞሩት የብረት ሳህኖች ላይ። እያንዳንዳቸው 5 ኪሎ ቢሆኑ በአንድ ማቆም ብቻ ሙቀታቸው በ70 ወይም በ80 ዲግሪ ይጨምራል። አንዴ ከሆነ ምንም አይደል፣ ይበርዳል።

አሁን ሃረጎን አስብ። ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ 600 ሜትር ገደማ ቁልቁል ትወርዳለህ። የዚያችው መኪና ክብደት 600 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ከ7.5 ሚሊዮን ጁል ይበልጣል። ከ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት 15 ጊዜ እንደማቆም ነው። በእኛ ቤት ቋንቋ ልንገርህ፦ ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ ለ18 ደቂቃ ሳይነቀል ቢጋል የሚያወጣው ሙቀት ነው። ጎማውና ንፋሱ ከዚህ ደህና ድርሻ ይወስዳሉ። የቀረውን ግን ወይ ሞተሩ ይችለዋል ወይ ፍሬኑ፣ ሦስተኛ የለም።

ደግሞ ይህን አስታውስ፦ ፍጥነት ሁለት እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ነው። ከ80 ወደ 100 ብቻ ብትጨምር ፍጥነቱ የጨመረው በሩብ ነው፣ ፍሬኑ ላይ የሚወድቀው ሸክም ግን ከግማሽ በላይ ይጨምራል።

ጎማ። መኪናን መሬት ላይ የሚይዛት ጎማ ነው። ሞተሩ የሚገፋውም ፍሬኑ የሚይዘውም በጎማው በኩል ነው። በጥሩ ጎማና በደረቅ አስፋልት ከ100 ለመቆም 40 ሜትር ገደማ ይበቃል። ጎማው የተላጨ ከሆነ የትኛውም ፍሬን አያድንህም።

ጥገና። የምትገጥመው ነገር ሲበላሽ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ ዕቃው ይገኛል? መካኒኩ ያውቀዋል? ካልሆነ አንዲት ቀለበት ከአዲስ አበባ እስክትመጣ ሁለት ሳምንት በባጃጅ ትሄዳለህ።

## ሞተር ራዲያተር አለው፣ ፍሬን የለውም

አማራጮቹን ከማየታችን በፊት አንድ የሚገርም ሒሳብ። ያቺን 1,300 ኪሎ መኪና ከ100 በ40 ሜትር ውስጥ ስታቆማት ከ3 ሰከንድ ያነሰ ጊዜ ይፈጃል። በዚያች ቅጽበት ፍሬኖቿ በአማካይ ከ230 የፈረስ ጉልበት በላይ እየሠሩ ነው። የአንዲት ተራ ኮሮላ ፍሬን ማለት ከሞተሯ ሁለት እጥፍ ጉልበት አለው ማለት ነው። ከፋብሪካ የወጣ መኪና ሁሉ ለአንድ ጊዜ ማቆም የሚበቃ ፍሬን አለው።

ታዲያ ችግሩ የት ነው? ሞተሩ ውሃ አለው፣ ራዲያተር አለው፣ ቬንትሌተር አለው። ያንኑ ጉልበቱን ሰዓት ሙሉ ቢሰጥ ሙቀቱ የሚወጣበት መንገድ ተሠርቶለታል። ፍሬን ያለው ንፋስ ብቻ ነው። ጉልበቱ ለሰከንዶች ነው። ደጋግመህ ስትረግጠው ሙቀቱ መሄጃ ያጣል።

የስፖርት መኪና ሠሪዎች ይህን የተማሩት በውድድር ነው። በ1953 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ በሚደረገው የሌ ማን የ24 ሰዓት ውድድር ጃጓር 3.4 ሊትር ሞተር ያላትን ሲ-ታይፕ ይዞ መጣ። ፌራሪ 4.5 ሊትር ሞተር ነበረው። ጃጓር ግን ከደንሎፕ ጋር የሠራውን የዲስክ ፍሬን ገጥሞ ነበር፣ ተፎካካሪዎቹ ታምቡር፣ ሸራው በዝግ ከበሮ ውስጥ የሚሠራበትን የድሮውን ዓይነት። ታምቡር ሙቀቱን በውስጡ አምቆ ይይዛል፤ ዲስክ ሜዳ ላይ ስለሆነ ንፋስ ያገኘዋል። ጃጓሮቹ ረጅሙ ቀጥ ያለ መንገድ ማብቂያ ላይ ከሌሎቹ ዘግይተው ፍሬን እየረገጡ አንደኛና ሁለተኛ ሆነው ገቡ። ከሁለት ዓመት በኋላ መርሴዲስ ታምቡር ፍሬን ያላትን ፈጣኗን 300 ኤስኤልአር እዚያው ውድድር ላይ ሲያሰልፍ ከሾፌሩ ጀርባ የሚነሳ ትልቅ ክዳን ገጠመላት፣ ንፋስ እንዲይዛት ብሎ። በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣችው ባለ 1,001 የፈረስ ጉልበቷ ቡጋቲ ቬይሮንም ከከፍተኛ ፍጥነት ፍሬን ስትይዝ የኋላ ክንፏ ወደ ላይ ይነሳል። ሞተር በጨመርክ ቁጥር ፍሬኑ ዕዳ ይዞ ይመጣል።

## አንደኛው አማራጭ፦ ሞተር መጨመር

ለአጎቴ ልጅ ሐቁን ልናገር፣ ሐሳቡ ሞኝነት አይደለም። ቱርቦ አየሩን ጠቅጥቆ ስለሚያስገባ ከፍታው የሰረቀውን ይመልሳል። ሃረጎን ሽቅብ ስትወጣ ሲኖትራክ ከኋላህ እየጮኸብህ መንፏቀቅ ያሳፍራል፣ አውቀዋለሁ። ለመቅደምም አጭር ጊዜ መውሰድ ደኅንነት ነው።

ግን ከፋብሪካ ቱርቦ ይዞ ያልመጣ ሞተር ሌላ ነገር ነው። ውስጡ ለዚያ ግፊት አልተሠራም። ዳገት ላይ ረጅም ጊዜ ሲጋልብ ሙቀቱ ይነሳል፣ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (በሞተሩ ራስና በአካሉ መካከል ያለው ማሸጊያ) ይቃጠላል፣ ቤንዚኑ ለግፊቱ የማይመጥን ከሆነ ሞተሩ ማንኳኳት ይጀምራል። ፍሪሲዮኑም ከቀድሞው ቶሎ ያልቃል። (ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን… ጣሊያን ከሄደ ስንት ዓመቱ፣ ቃሉ ግን ጋራዥ ውስጥ ቀረ።)

ሌላው ከጀርባ ያለ ጉዳይ ቁልቁለቱ ነው። ነዳጁን ስትለቅ በማርሽ የሚይዝህ የሞተሩ ስፋት ነው፣ የሲሲው ብዛት። ቱርቦ ሲሲ አይጨምርም። ስለዚህ ዳገት ላይ ጎበዝ የሆነችው መኪና ቁልቁለት ላይ ያው የድሮዋ ናት፤ ልዩነቱ ኩርባው ጋ የምትደርሰው ፈጥና መሆኑ ብቻ ነው። ትልቅ ሞተር አውጥቶ ማስገባት ደግሞ በማርሽ መያዙን ያሻሽላል፣ አፍንጫዋን ግን ያከብዳል፣ የፊት ፍሬኑ ላይ ሸክም ይጨምራል። ናፍጣ ሞተር በተፈጥሮው ሲለቁት ከቤንዚን ያነሰ ነው የሚይዘው፤ የጭነት መኪኖች የጭስ መውጫውን የሚዘጋ ፍሬን የሚገጠምላቸው ለዚህ ነው።

## ሁለተኛው አማራጭ፦ ፍሬን መጨመር

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልንገርህ።

ከዓመታት በፊት ኮምቦልቻ ሰርግ ተጠርተን አራት ሆነን እየወረድን ነበር። የፍሬን ሸራ ከቀየርኩ ሳምንት አልሞላም፤ ኦርጅናል ነው ብሎ የሸጠልኝን ሱቅ ስሙን አልጠራም። ከፊቴ አንድ የጭነት መኪና ይጎተታል፣ እኔ በአራተኛ ማርሽ ሆኜ ፍሬን እነካለሁ፣ እለቃለሁ፣ እነካለሁ። መጀመሪያ ሽታው መጣ፣ የተቃጠለ ፀጉር የመሰለ። «ከጭነት መኪናው ነው» ተባባልን። ቀጥሎ ፔዳሉ እንደ ገንፎ ለሰለሰ። ሁለተኛ ስረግጠው ወለሉን ነካ።

ሦስተኛ አስገባሁ፣ ሁለተኛ አስገባሁ፣ ሞተሩ ጮኸ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልኩ ሳብኩ። ዳር ይዤ ከአፈሩ ክምር ጋ ቆምኩ። የቀኝ የፊት ጎማ ይጨሳል። አንድ ልጅ ቢጫ ጀሪካን ይዞ እየሮጠ መጣ፣ «ላፍስበት ጋሼ?» ኧረ ተው! አልኩት። የጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ካፈሰስክ ዲስኩ ይጣመማል፣ ሊሰነጠቅም ይችላል። ልጁ ቅር አለው።

አንድ ሽማግሌ የአይሱዙ ሾፌር አቆሙልን። ወርደው ጎማውን አዩ፣ እኔን አዩ።

«በስንተኛ ማርሽ ነው የመጣኸው ልጄ?»

«በአራተኛ።»

«ዳገቱን በአራተኛ ትወጣዋለህ?»

«ኧረ አልወጣውም ጋሼ።»

«ታዲያ!»

ይህን ብለው ሄዱ።

ከ40 ደቂቃ በኋላ ፔዳሉ እንደ ድሮው ሆነ። አታላዩ ነገር ይህ ነው። የሆነው እንዲህ ነው፦ የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይጠጣል። ዶት 3 የሚባለው የዘይት ደረጃ አዲሱ የሚፈላው በ205 ዲግሪ ነው፤ 3.7 በመቶ ውሃ ሲገባበት ወደ 140 ይወርዳል። ዘይቱ ሲፈላ አረፋ ይፈጥራል፣ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፣ እግርህ የሚገፋው ሸራውን መሆኑ ቀርቶ አረፋውን ይሆናል። ሲበርድ አረፋው ይጠፋል፣ አንተም «ተሻላት» ብለህ ትነዳለህ። የእኔ ዘይት ስንት ዓመቱ እንደነበር አላህ ይወቀው።

ስለዚህ ፍሬን ጨምር ስልህ ከቀዩ ካሊፐር አትጀምር። ደረጃ አለው።

ከሁሉ በፊት ዘይቱ። ዶት 4 አዲሱ በ230 ይፈላል፣ እርጥቡ በ155። ዶት 5.1 በ260 እና በ180። ሦስቱም ዘራቸው አንድ ስለሆነ ከዶት 3 ወደ ዶት 4 መሻገር ይቻላል። ዶት 5 የሚባለው ግን ሲሊኮን ነው፤ ቁጥሩ ተቀራረበ ብለህ እንዳትቀላቅለው። በየሁለት ዓመቱ አስቀይር። ከሁሉም ርካሹ ሥራ ይህ ነው፣ ከሁሉም የሚረሳውም ይህ ነው።

ቀጥሎ ሸራው። ለከተማ የተሠራ ለስላሳ ሸራ ሲግል መያዙን ያጣል፣ ውስጡ ያለው ማጣበቂያ ጋዝ እያወጣ በሸራውና በዲስኩ መካከል ይንሳፈፋል። ብረት የተቀላቀለበት ሸራ ሙቀት ይችላል፤ ትንሽ ይጮሃል፣ ዲስኩንም ቶሎ ይበላል። የውድድር ሸራ ግን አትግዛ። ካልጋለ አይዝም፤ ጥር ላይ በደሴ ብርድ ጠዋት ከቤት ስትወጣ የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ጉድ ይሠራሃል።

ከዚያ ጎማው። ተነጋግረንበታል።

ትልቁ ዲስክና ካሊፐር የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ትልቅ ዲስክ ብረቱ ብዙ ስለሆነ ሙቀት የመያዝ አቅሙ ሰፊ ነው፣ በመካከሉ አየር የሚያልፍበት ከሆነ ደግሞ ቶሎ ይበርዳል። ጣጣው ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ትልቅ ዲስክ ትልቅ ቸርኬ ይፈልጋል። ትልቅ ቸርኬ ቀጭን ጎማ ያመጣል፣ ቀጭን ጎማ ጉድጓድ አይወድም፣ የእኛ መንገድ ደግሞ ጉድጓድ ይወዳል። የሚሽከረከረው ክብደት ስለሚጨምር መኪናዋ ስትነሳ ትከብዳለች። ከሁሉ የከፋው፣ የፊቱን ብቻ ካሳደግክ የፊትና የኋላው ሚዛን ይፈርሳል፤ የፊት ጎማ ቀድሞ ይቆለፋል፣ የኋላው ድርሻውን ሳይሠራ ይቀራል፣ በዚያ ሁሉ ብር ከቀድሞው ረዝሞ የሚቆም መኪና ገዛህ ማለት ነው። ተበስቶ የሚመጣው ዲስክ ያምራል፣ በተደጋጋሚ ሲግል ግን ስንጥቁ ከቀዳዳዎቹ ይጀምራል።

የካርቦን ሴራሚክ ዲስክም አለ፤ ክብደቱ ከብረቱ ግማሽ ያህል ነው፣ ሙቀትም አይፈራም። ዋጋው ግን የአጎቴን ልጅ መኪና ሁለት ጊዜ ሳይገዛ አይቀርም። ይለፈን።

## ሦስተኛው፦ ክብደት መቀነስ

አጭር ነው። ክብደት ዳገት ላይም ቁልቁለት ላይም ጠላት ነው። በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣችው የመጀመሪያዋ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 ክብደቷ ከአንድ ቶን ያነሰ ነበር፣ ሞተሯ 1.6 ሊትር ብቻ። ማንም በጉልበቷ አይፎክርም፣ መንዳት የሚያውቅ ሁሉ ግን ይወዳታል። ቶዮታ ጂአር ያሪስ ደግሞ 1,280 ኪሎ ገደማ ሆና ከ250 በላይ የፈረስ ጉልበት ከባለ ሦስት ሲሊንደር ቱርቦ ታወጣለች፤ የፊት ዲስኳ ግን 356 ሚሊ ሜትር ነው። ፋብሪካው ሞተሩን ሲያሳድግ ፍሬኑን አብሮ አሳደገ። ጋራዥ ውስጥ የሚረሳው ይህ ነው።

አንተ ጋ ያለው ክብደት? የኋላ ሳጥንህን ክፈትና እይ። ያ ጀሪካን፣ ያ ሁለተኛ ክሪክ፣ ዓመት ሙሉ ያልወረደው የሲሚንቶ ከረጢት። ነጻ ነው፣ ዛሬ አውርደው።

## አራተኛው፦ ኤሌክትሪክ

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ይህን አማራጭ ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር አይተነፍስም፤ ኮምቦልቻ ላይ ያለው ጉልበት ደሴም ላይ ያው ነው። ቁልቁለት ላይ ደግሞ ሞተሩ ራሱ ጄነሬተር ሆኖ ይይዝሃል፣ ሙቀት ሆኖ ይባክን የነበረውን ወደ ባትሪ ይመልሳል። ሁለት ቶን የምትመዝን የኤሌክትሪክ መኪና 600 ሜትር ስትወርድ ከ3 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ትለቃለች፤ ጎማና ንፋስ ከወሰዱት የተረፈው ይመለሳል። ፎክስቫገን አይዲ.4ን ጎንበስ ብለህ ብታይ የኋላ ፍሬኑ ታምቡር ነው። ዘመናዊ መኪና በታምቡር! ሞተሩ ብዙውን ስለሚይዝ የኋላው ሥራ ቀላል ነው።

አንድ ወጥመድ አለ፣ በተለይ ለደሴ ሰው። ባትሪው ጢም ብሎ ሲሞላ የሚመለሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ የለውም። ማታ ቤትህ 100 አስሞልተህ ጠዋት በቀጥታ ሃረጎን ከወረድክ ያ የለመድከው መያዝ ይቀንሳል፣ ሁለቱ ቶን በሙሉ ፍሬኑ ላይ ይወድቃል። ደሴ የሚኖር 80 ወይም 90 ላይ ይንቀል። ኮምቦልቻ የሚኖር ይሙላው፣ እሱ መጀመሪያ የሚጠብቀው ዳገት ነው።

## በአንድ እይታ

| አማራጭ | ዳገት ላይ | ረጅም ቁልቁለት ላይ | ወጪ | ጣጣው |
|---|---|---|---|---|
| ቱርቦ ማስገጠም | በጣም ይረዳል | ምንም አይጨምር | ከባድ | ሙቀት፣ ጓርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮን |
| ትልቅ ሞተር መቀየር | ይረዳል | በማርሽ መያዙ ይሻላል | በጣም ከባድ | የፊት ክብደት፣ ወረቀት፣ ነዳጅ |
| ዘይትና ሸራ | የለም | በጣም ይረዳል | ቀላል | ሸራው ፎርጅድ እንዳይሆን |
| ጥሩ ጎማ | ጭቃና ዝናብ ላይ | ይረዳል | መካከለኛ | ቶሎ ማለቁ |
| ትልቅ ዲስክና ካሊፐር | ትንሽ ያከብዳል | ሚዛኑ ከተጠበቀ ይረዳል | ከባድ | ቸርኬ፣ የመለዋወጫ እጥረት |
| ክብደት መቀነስ | ይረዳል | ይረዳል | ከነጻ ይጀምራል | ለጭነት አይመችም |
| ኤሌክትሪክ | ሙሉ ጉልበት | ባትሪው ካልሞላ በጣም ይረዳል | እጅግ ከባድ | ክብደት፣ ቻርጅ ማድረጊያ |

## ለማን የትኛው

ብርህ ትንሽ ከሆነ ሳታቅማማ ዘይት ቀይር፣ ሸራህን አስወልቀህ በዓይንህ እይ። የፍሬን ቱቦው ላስቲክ ተሰነጣጥቆ እንደሆነም ጠይቅ። ከዚህ የሚተርፍህ ካለ ለጎማ አጠራቅም።

መካከለኛ ብር ካለህና እንደ አጎቴ ልጅ በየቀኑ የምትመላለስ ከሆነ፦ ዶት 4፣ ሙቀት የሚችል ሸራ፣ አዲስ ዲስክ በፋብሪካው ልክ፣ አራት ጎማ። የቱርቦው ብር ይህን ሁሉ ሠርቶ ይተርፈዋል። ራዲያተርህንም አስጠርግ፣ ዳገቱ የሚፈልገው እሱን ነው።

ሥራህ ከኮምቦልቻ ወደ ባቲና ወደ ሚሌ የሚወስድህ ከሆነ ሒሳቡ ይከብዳል። ቁልቁለቱ ረጅም ነው፣ እየወረድክ በሄድክ ቁጥር አየሩም እየጋለ ይሄዳል፣ ፍሬንህን የሚያበርደው ንፋስ ራሱ ትኩስ ነው። እዚህ ዶት 5.1 ብታስገባ አልፈርድብህም።

በወረኢሉ በኩል ደጋ ለደጋ የምትሄድ ከሆንክ ቱርቦ ይገባሃል፣ ግን ከፋብሪካ ቱርቦ ይዞ የመጣ መኪና ግዛ። ያለውን ከመቁረጥና ከመበየድ ያችን ሸጦ ጨምሮ መግዛት በመጨረሻ ይረክሳል፤ ፍሬኑም ራዲያተሩም ለሞተሩ ተመጥኖ ይመጣልሃል።

ደሴ ከተማ ውስጥ ከፒያሳ ሸዋ በር፣ አልፎ አልፎ ሐይቅ ለመዝናናት ብቻ ነው? ያለህ ይበቃሃል። ብርህን ለሌላ ነገር አውለው።

ለሁሉም የሚሆን ነጻ ነገር ደግሞ አለ፦ በወጣህበት ማርሽ ውረድ። አውቶማቲክ ከሆነች ዲ ላይ አትተዋት፣ ኤል ወይም 2 ላይ አድርጋት። ነዳጅ ለመቆጠብ ብለህ ማርሹን ዜሮ አድርገህ አትውረድ፤ በማርሽ ስትወርድ ዘመናዊ ሞተር ነዳጁን ራሱ ይዘጋዋል፣ ዜሮ ላይ ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ እየጠጣ ነው። ሞተሩን ማጥፋትማ አይታሰብም፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ከረገጥክ በኋላ የሰርቮው እገዛ ያልቃል። ፍሬን ስትይዝም እየነካካህ አትውረድ፤ አንዴ ጠበቅ አድርገህ ይዘህ ፍጥነቱን ቀንስ፣ ከዚያ ልቀቀው፣ ይተንፍስ።

ይህን ጽፌ ሳልጨርስ የአጎቴ ልጅ ፎቶ ላከልኝ። ጋራዥ ሄዶ የፍሬን ዘይቱን አስቀይሯል። አሮጌውን በሃይላንድ ፕላስቲክ ቀድተው ሰጥተውታል፣ መልኩ ቡና ይመስላል። «አየኸው?» ይላል ከሥሩ። «ቱርቦውን ለጊዜው ትቼዋለሁ።»

ጎማዋስ? ብዬ ጻፍኩለት። እስካሁን አልመለሰም።